ሁለት ቁና

በቡሬ ገበያ በርበሬ የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ሁለት ዓይነት አታላዮችን ያውቃል። አንደኛው ሚዛን እንዲደፋለት በርበሬው ላይ ውኃ የሚያርከፈክፍ ነው። ሁለተኛው እህል ከገበሬው ሲረከብ በትልቁ ቁና፣ ለሸማች ሲሰፍር በትንሹ ቁና የሚሰፍር ነው። የመጀመሪያው ዕቃው ላይ የራሱ ያልሆነ ክብደት ይጨምራል። ሁለተኛው ዕቃውን አይነካም፤ የሚለዋውጠው መስፈሪያውን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሁለት ዓይነት ሚዛንን እንደሚጸየፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ የሚነግረን ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ነው።

በስፖርት ዓለምም ሁለቱም አታላዮች አሉ። አበረታች ቅመም ወስዶ የሚሮጥ፣ የሚዋኝ ወይም ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ውኃ እንደሚያርከፈክፈው ሻጭ ነው፤ ድሉ የራሱ ያልሆነ ክብደት አለው። ስለ እርሱ ብዙ ሰምታችኋል። አንዱን ስፖርተኛ በትልቁ፣ ሌላውን በትንሹ ቁና ስለሚሰፍሩት የስፖርት ማኅበራትና መገናኛ ብዙኃን ግን እምብዛም አይወራም።

የተወደዳችሁ ወጣት አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ማለዳ ተነሥተው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሚሮጡ አሉ። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት የምትሰበሰቡ ደግሞ ትበዛላችሁ። ሯጩም ተመልካቹም ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። ሯጩ ነገ በዚህ ቁና ይሰፈራል፤ ተመልካቹ ደግሞ ዛሬም ቢሆን በአንደበቱ ሌላውን ይሰፍራል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሪዮ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ከቡሬ ወደ ምዕራብ ርቃችሁ ብትሄዱ ወንበራ የሚባል ወረዳ ትደርሳላችሁ። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ውስጥ ነው፤ ወላጆቻችን ግን የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ሳለ ያውቁታል። አልማዝ አያና በኅዳር 1984 ዓ.ም. የተወለደችው እዚያ ነው።

ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። አልማዝ በዚህ ርቀት ስትወዳደር ገና ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። ሩጫው ከተጋመሰ በኋላ ብቻዋን ወጣች፤ ማንም አልደረሰባትም። 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገባች። ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮት በ29፡32.53 ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ29፡42.56 ሦስተኛ ሆኑ። የቀድሞው የዓለም ክብረ ወሰን 29፡31.78 ሲሆን ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንዢያ በ1993 ያስመዘገበችው ነበር። አልማዝ 23 ዓመት ማንም ያልደፈረውን ሰዓት በ14 ሰከንድ ቀነሰችው።

ደስታው ገና ሳይበርድ ጥርጣሬው ተከተለ። ስዊድናዊቷ ሣራ ላህቲ፣ በዚያው ሩጫ ራሷም የግል ምርጥ ሰዓቷን አስመዝግባ ሳለ፣ አልማዝ ንጹሕ መሆኗን ሙሉ በሙሉ እንደማታምን ለጋዜጠኞች ተናገረች። እንግሊዛዊቷ የቀድሞ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍም በቢቢሲ ላይ ያየችውን ለመረዳት እንደቸገራት ገለጸች። ብዙ ጋዜጦች ርዕሳቸውን በጥያቄ ምልክት ዘጉ። አልማዝ ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነበር፦ ልምምዷን መሥራቷን፣ ጌታ ሁሉን እንደሰጣት፣ ዶፒንጓ ኢየሱስ እንደሆነና እንደ ብርጭቆ የጠራች መሆኗን ተናገረች።

በዚያው ቀን ማታ በዚያችው ከተማ ሌላ ክብረ ወሰን ተሰበረ። አሜሪካዊቷ ዋናተኛ ኬቲ ሌዴኪ የ800 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ8፡04.79 ጨረሰች። ሁለተኛ የወጣችው ከእርሷ ከ11 ሰከንድ በላይ ዘግይታ ደረሰች። በዋና ይህ እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው። በማግስቱ ጋዜጦች ስለ ሌዴኪ ያወሩት ስለ ተሰጥኦዋ፣ ስለ ልምምዷና ስለ ብርታቷ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህን የምጽፈው በሌዴኪ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም። ምርመራ ወድቃ አታውቅም፤ ክብሯ የራሷ ነው። አልማዝም ምርመራ አልወደቀችም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለቱም ምንም ማስረጃ ሳይቀርብባቸው፣ አንዷ ለምን በአድናቆት፣ ሌላዋ ለምን በጥርጣሬ ተሰፈረች?

ለፍትሕ ስንል የተጠራጣሪዎቹንም ወገን እንስማ። ሌዴኪ ያሻሻለችው የራሷን ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ገደማ ነው፤ አልማዝ ግን የሌላ ሰው ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ነው የሰበረችው። ያ የቻይናዊቷ ሰዓት ራሱ ለዓመታት ሲጠረጠር የኖረ ነው፤ በዚያው በ2016 መጀመሪያ ላይ ዋንግና የቡድን ጓደኞቿ ከዓመታት በፊት ፈርመውበታል የተባለ፣ አሠልጣኛቸው አበረታች ቅመም እንዲወስዱ ያስገድዳቸው እንደነበር የሚናገር ደብዳቤ በቻይና ወጥቶ ነበር። አትሌቲክስም በሩሲያ ቅሌት ተናውጦ ነበር። ስለዚህ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ጥያቄው ለአንድ ስፖርትና ለአንድ አህጉር ሰዎች ብቻ መቀመጡ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናስታውስ። ያ «ሰው አይችለውም» የተባለ ሰዓት በ2021 በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ መጀመሪያ በሲፋን ሐሰን፣ ከዚያ በለተሰንበት ግደይ። በ2024 ደግሞ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት 28፡54.14 ሮጠች። በመካከሉ ጫማው ተለውጧል፣ ከመሮጫው ዳር ፍጥነት የሚመሩ መብራቶች ተተክለዋል። ቢሆንም አልማዝ በሪዮ የሮጠችው ሰዓት ዛሬ እንደ ተአምር አይታይም።

ሞስኮ 1980፦ ማንም ያልጠየቀው ደም

ወደ ኋላ እንመለስ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ብስክሌተኛ በውድድር ላይ በሙቀት ወድቆ ሞተ። አበረታች መድኃኒት ወስዶ ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ሞቱ ዓለምን አስደንግጦ ለቁጥጥሩ መጀመር አንድ ምክንያት ሆነ። ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የአበረታች ቅመም ምርመራ ተጀመረ። በዚያ ተይዞ ሜዳሊያ የተነጠቀው የመጀመሪያው ሰው ስዊድናዊ ነበር፤ የተገኘበትም የአልኮል መጠጥ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ በሞስኮ ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ከእርሱ ኋላ ማን እንደገባ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ10,000 ሜትር ሁለተኛ የወጣው ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ነበር፤ ሦስተኛ መሐመድ ከድር፣ አራተኛ ቶሎሳ ቆቱ። በማኒንካና በመሐመድ መካከል የነበረው ልዩነት የግማሽ ሰከንድ ያህል እንኳ አልነበረም።

ማኒንካ ከኦሊምፒኩ በኋላ ልቡ ወደ እምነት ተመልሶ፣ ከውድድሩ በፊት ደም እንደተሰጠው በይፋ ተናገረ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ከሯጩ ደም ከሳምንታት በፊት ይቀዳና ይቀመጣል፤ ሰውነቱ የጎደለውን ደም ሲተካ፣ የተቀመጠው ደም በውድድሩ ዋዜማ ተመልሶ ይጨመርለታል። ቀይ የደም ሴል ይበዛል፣ ኦክስጅን ይበዛል፣ ድካም ይዘገያል። በዚያን ጊዜ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ማኒንካ ሕግ አላፈረሰም፤ ብሩ አልተነጠቀም፤ መሐመድ ከድርም ነሐሱን ይዞ ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ የአሜሪካ ብስክሌተኞች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ወሬው በ1985 ሲወጣ ሀገሩ ተቆጣ፤ ደም መጨመርም ታገደ። የብስክሌተኞቹ ሜዳሊያ ግን አልተነካም። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ አልተሳተፈችም፤ በ1988ቱ ሴኡልም እንዲሁ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። «የተከለከለ» እና «ያልተከለከለ» የሚባለውን መስመር የሚያሰምረው ሰው ነው፤ መስመሩም ብዙ ጊዜ የሚሰመረው ሐኪምና ላቦራቶሪ ያለው ወገን ከተጠቀመበት በኋላ ነው። ማኒንካን የተናገረው ሕሊናው እንጂ ሕጉ አልነበረም። በዚህ በኩል ከብዙ ንጹሐን ነን ባዮች ይልቅ አክብሮት ይገባዋል።

አንድ ንጥረ ነገር፣ ሁለት ፍርድ

የ1998ን ክረምት የመሰለ ግልጽ ምሳሌ የለም። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ የአሎሎ ውርወራ ባለ ወርቅ የነበረው አሜሪካዊው ራንዲ ባርነስ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘበትና ዕድሜ ልኩን ከአትሌቲክስ ታገደ። ቅጣቱ የከበደው ከዚህ በፊትም ተቀጥቶ ስለነበር ነው።

በሚቀጥለው ወር ነሐሴ፣ እኛ ዘንድ በማይዘወተረው፣ አሜሪካውያን ግን በሚሞቱለት የቤዝቦል ጨዋታ፣ ማርክ ማክጓየር የ37 ዓመት ክብረ ወሰን ለመስበር ይገሰግስ ነበር። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ስቲቭ ዊልስቲን በተጫዋቹ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ አየ፤ ስሙን ጻፈ፤ አጣራ። ያው አንድሮስቴንዲዮን ነበር። ባርነስን ዕድሜ ልክ ያሳገደው ነገር በቤዝቦል አልተከለከለም ነበር፤ በሱቅም በግልጽ ይሸጥ ነበር።

የተወገዘው ማን እንደሆነ ገምቱ። ጋዜጠኛው ነው። የሰው ቁም ሣጥን ያሸታል ተብሎ ተሰደበ፤ የቡድኑ አሠልጣኝ ድርጅቱ ከመልበሻ ክፍል እንዲታገድ ጠየቀ። ማክጓየር ክብረ ወሰኑን ሰብሮ የዚያ ዓመት ጀግና ሆነ። ከ12 ዓመት በኋላ በ2010 ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር በራሱ አንደበት አመነ።

ቤዝቦል ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣት ሲያወጣ በ2005 የአሥር ቀን እገዳ ነበር። በዚያው ጊዜ አንድ ሯጭ ለተመሳሳይ ጥፋት ሁለት ዓመት ይታገድ ነበር። ከ2015 ጀምሮ በአትሌቲክስ የሆን ተብሎ ጥፋት አራት ዓመት ሆኗል። ለሯጭ አራት ዓመት ማለት አንድ ኦሊምፒክ፣ አንዳንዴም የሩጫ ዕድሜው በሙሉ ነው።

የተቀሩት የደም ከረጢቶች

በግንቦት 2006 የስፔን ፖሊስ ኤውፌሚያኖ ፉኤንቴስ የተባለ ሐኪም የሚሠራበትን ቤት ሲፈትሽ ከ200 በላይ የደምና የፕላዝማ ከረጢቶች አገኘ። በከረጢቶቹ ላይ የተጻፉት የምሥጢር ስሞች ነበሩ። የብዙ ብስክሌተኞች ስም ወዲያው ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታላላቆቹ ከቱር ደ ፍራንስ ተባረሩ።

ሐኪሙ ግን ብስክሌተኞችን ብቻ አልነበረም የሚያክመው። በ2013 ችሎት ፊት ቀርቦ የእግር ኳስ፣ የቴኒስ፣ የቦክስና የአትሌቲክስ ደንበኞችም እንደነበሩት ተናገረ፤ ስማቸውንም ለመጥራት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። ፍርድ ቤቱ እንዲጠራ አልጠየቀውም። በዚያው ዓመት ዳኛዋ ከረጢቶቹ እንዲጠፉ አዘዙ። በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ከረጢቶቹ ለተቆጣጣሪዎች እንዲሰጡ ቢፈቅድም፣ አሥር ዓመት አልፎ የክስ ጊዜው ተዘግቶ ነበር። ብስክሌት በዓለም ፊት የሌቦች ስፖርት ተባለ። የቀሩት ከረጢቶች ባለቤቶች ማን እንደነበሩ ግን ሕዝብ ሳያውቅ ቀረ።

የምትወዱት እግር ኳስ በዚህ ታሪክ የት እንዳለ ትጠይቁ ይሆናል። በመስከረም 2003 የማንቸስተር ዩናይትዱ ሪዮ ፈርዲናንድ የምርመራ ናሙና ሳይሰጥ ከልምምድ ሜዳ ሄደ፤ ረስቼ ነው አለ። ስምንት ወር ታገደ። ሲመለስ ማልያው ይጠብቀው ነበር። በ2021 ግብ ጠባቂው አንድሬ ኦናና የሚስቱን መድኃኒት በስሕተት መዋጡን ተናግሮ ቅጣቱ በይግባኝ ወደ ዘጠኝ ወር ዝቅ አለ። ፖል ፖግባ በ2024 አራት ዓመት ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ያለው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ወደ 18 ወር አወረደለት።

ቴኒስም አለ። በመጋቢት 2024 በዓለም አንደኛ ለመሆን ይገሰግስ በነበረው ያኒክ ሲነር ሁለት ጊዜ ክሎስቴቦል ተገኘበት። ዓለም የሰማው ግን በነሐሴ፣ ፓነሉ ነጻ ካለው በኋላ ነው። በኋላ ዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ይግባኝ ብሎ በየካቲት 2025 በሦስት ወር እገዳ ተስማሙ። ንጥረ ነገሩ ከአካል አሻሹ እጅ ተላልፎበታል የሚለው ማብራሪያ ተቀባይነት አግኝቷል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። በአትሌቲክስ ግን አንድ ሯጭ በጊዜያዊነት ሲታገድ ስሙ ወዲያው በይፋ ይወጣል። ማብራሪያው ቢኖረው እንኳ፣ ማብራሪያው የሚሰማው ስሙ ከጠፋ በኋላ ነው።

መስፈሪያው ለምን ይለያያል?

አራት ምክንያቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ትልቅ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስፖርት ኮከቡን ማጣት አይፈልግም፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ያንኑ ኮከብ ለማሳየት ውድ ዋጋ የከፈለ ጣቢያ ስለዚያ ኮከብ ደም አጥብቆ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ማን ይፈትሻል የሚለው ነው። ብዙ የፈተሸ ብዙ ያገኛል። አትሌቲክስ ከ2017 ጀምሮ ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ተቋም አቋቁሞ ብዙ ሰዎችን ስለያዘ ስሙ ይበልጥ ጠፋ። ሳይፈተሽ የዋለው ስፖርት ግን ንጹሕ መሰለ። ጎተራውን ከፍቶ ነቀዝ ያገኘ ገበሬ፣ ጎተራውን ጨርሶ ከማይከፍተው ጎረቤቱ ይልቅ ይታማል።

ሦስተኛው የመከራከር አቅም ነው። ሀብታም ክለብ ያለው ተጫዋች ጠበቃ፣ ኬሚስትና ይግባኝ አለው። የገጠር ሯጭ ግን የክሱ ደብዳቤ በማያውቀው ቋንቋ ይደርሰዋል። በሀገራችን በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና ያለው ላቦራቶሪ ስለሌለ ናሙናው እንኳ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመረመረው። በምዝገባ ቋት ውስጥ የገባ አትሌት በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ ወይም ካላሳወቀ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ይህ ደንብ ለለንደን ነዋሪ ቀላል ነው። ኔትወርክ በማይገባበት ሰከላ ወይም ቋሪት ለሚለማመድ ልጅ ግን ፈተና ነው።

አራተኛው የተለመደ ተረት ነው። መገናኛ ብዙኃን አንድን ስፖርት አስቀድመው «የቆሸሸ» ብለው ከፈረጁ፣ አዲሱን ዜና ሁሉ በዚያው ቁና ይሰፍሩታል። ራሷ ፓውላ ራድክሊፍ በ2015 በሀገሯ ፓርላማ በተዘዋዋሪ ተጠርጥራ፣ ኋላ ጥርጣሬው መሠረት እንደሌለው ተገልጾላት ነበር። ማስረጃ የሌለው ጥርጣሬ ምን ያህል እንደሚያቆስል በአንድ ዓመት ውስጥ ረስታው ከሆነ፣ እኛም ለመርሳት ሩቅ አይደለንም።

የእኛስ ቁና?

እስካሁን የሌላውን ቁና መዘንን። አሁን የራሳችንን እናውጣ።

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ከፍተኛ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ያላቸውን አምስት ሀገራት ዘረዘረ፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ። በዚያ ሰሞን ሜልዶኒየም የተባለው መድኃኒት ከተገኘባቸው ስሞች መካከል በኢትዮጵያ የተወለደች፣ ለስዊድን የምትሮጥ አትሌት ነበረች። አበባ አረጋዊ ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን «የእኛ ልጅ» ያልናት፣ ስትጠረጠር «የስዊድን ናት» አልን። ጥቂት ወራት ቆይቶ እገዳው ሲነሣላት ደግሞ ዜናውን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ሀገራችን ከዚያ በኋላ ዝም አላለችም። የፀረ-አበረታች ቅመሞች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ምርመራው በዛ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አበረታች ቅመም የተጠቀመ አንድ ሯጭ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በብዙ የዓለም ሀገራት ለዚህ ጥፋት ሯጭ ከውድድር ይታገዳል እንጂ ወህኒ አይወርድም። እንግዲህ ጠይቁ፤ መርፌውን የሸጠለት፣ የወጋው፣ ከሽልማቱ ድርሻ የሚጠብቀውስ በዚያው ቁና ተሰፍሯል? ልጁን ብቻ ማሰር ቀላል ነው። ገበያውን ማድረቅ ግን ከባድ ነው።

በመንደራችን ወሬም ሁለት ቁና አለ። የእኛ ሰው ሲያዝ «ሴራ ነው፣ ቀንተውብን ነው» እንላለን። ኬንያዊ ሲያዝ «ድሮም እናውቅ ነበር» እንላለን። አልማዝን ያለ ማስረጃ የጠረጠሩ ሰዎች ካሳዘኑን፣ በሩቅ ሀገር ሯጭ ላይ ያለ ማስረጃ ስንፈርድ ለምን አናዝንም? የሙሴ ሕግ አንድ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ካልሆነ እንዳይፈረድበት ያዘዘው ለእስራኤላዊ ዘመድ ብቻ አይደለም።

ከአማኞች መካከል ደግሞ ሌላ ስሕተት እፈራለሁ። አልማዝ ስለ ኢየሱስ የተናገረችውን ብዙዎቻችን በደስታ ደጋግመነዋል። ደስታው መልካም ነው። ነገር ግን ምስክርነት የምርመራ ውጤት አይተካም። አልማዝን ከወንጀል ነጻ የሚያደርጋት በተደጋጋሚ ተመርምራ ምንም አለመገኘቱ ነው። ነገ ሌላ አማኝ ሯጭ ቢያዝና «ጌታ ያውቃል» ቢለን፣ ስለ እምነቱ ብለን ማስረጃውን ልንጥል አይገባም፤ ስለ ማስረጃውም ብለን ወንድማችንን ልንጥል አይገባም። የእምነት ፍሬ በሞስኮው ፊንላንዳዊ ሕይወት የታየው ሳይጠየቅ እውነቱን በመናገሩ ነው።

ለምትሮጡትና ለምትመለከቱት

ለምትሮጡት፦ ሕጉ «አላወቅሁም» የሚለውን በቀላሉ አይቀበልም። በሰውነታችሁ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። በገጠራችን መርፌ ካልተወጋ የዳነ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ሰው «ቫይታሚን ነው፣ ጉልበት ይሰጥሃል» ብሎ መርፌ ይዞ ቢመጣ፣ የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ፣ ማሸጊያውን ተመልከቱ፣ ሐኪምና የፌዴሬሽን ባለሙያ አማክሩ። የኦናና ታሪክ እንደሚያሳየው ከቤተሰብ መድኃኒት ውስጥ የተወሰደ አንድ ክኒን ወራት ያስከፍላል። ኦናና ግን ክለብና ጠበቃ ነበረው። እናንተ ምናልባት ያላችሁ የታተመ ማሸጊያና የጤና ጣቢያው ማዘዣ ብቻ ይሆናል፤ አትጣሉት።

ለምትመለከቱት፦ ስለ አንድ ስፖርተኛ መታማት ስትሰሙ ከመናገራችሁ በፊት አጣሩ። የተገኘ ነገር አለ ወይስ ወሬ ብቻ ነው? ናሙናው ተመርምሯል? ሰውየው መልስ ሰጥቷል? ይህ ሰው የምወደው ክለብ ተጫዋች ቢሆን ምን እል ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ቁናችሁን ይፈትናል። ወንበራ ውስጥ፣ ቡሬ ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ገና ያልታወቀች አንዲት ልጅ በዚህ ሰዓት ትሮጥ ይሆናል። አሸንፋ ስትመጣ በምን ቁና እንደምንሰፍራት የሚወሰነው ዛሬ ሌሎችን በምንሰፍርበት ነው።

ለቡድን ውይይት

1. ማኒንካ ሕግ ሳያፈርስ እውነቱን መናገሩ ለመሐመድ ከድር ምን ይጠቅመው ነበር ትላላችሁ?

2. በምትደግፉት ክለብ ውስጥ ያለ ተጫዋች አበረታች ቅመም ቢገኝበት መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል ምን ይሆናል? ለኬንያዊ ሯጭስ?

3. በትምህርት ቤት ፈተና፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሁለት ቁና የምንጠቀምበት ቦታ አለ? እያንዳንዳችሁ አንድ ምሳሌ አምጡ።